መሬቱ ክፍት ሳለ

(ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ታላላቅ ግድቦች፣ ስለ ድልድዮችና ስለ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ብዙ ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ከስድሳ ብዙም አያልፍም፤ ስፋቱም ከአንድ ግቢ አጥር አይወጣም። ይኸውም አንድ የቤት ባለቤት በጓሮው ኩሬ ወይም ገንዳ ለመሥራት መሬቱን በከፈተ ጊዜ፣ የውሃውን ቧንቧ፣ የፍሳሹን መውረጃና የኤሌክትሪኩን ገመድ በገዛ እጁ እንዴት አቅዶ ሊቀብር ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን በየዓመቱ የሚቆፈረው መሬት ሁሉ በሥራ ተቋራጭ የሚቆፈር አይደለም፤ ብዙ ግቢ ባለቤቱና ጎረቤቶቹ በዶማ፣ በድጅኖና በአካፋ የሚቆፍሩት ነው። በዚያ ቦይ አጠገብ መሐንዲስ የለም፤ ንድፍም የለም። እኛ የሌለንበት ሥራ ሁሉ ከእኛ ኃላፊነት ውጭ ነው ብለን ልባችንን ስናሳርፍ ብዙ ዘመን አልፏል። ይህ ዕረፍት ትክክለኛ እንዳልነበረ እኔ የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከታላቅ ወንድሜ ጓሮ ነው። ጓሮውም የሚገኘው በካፋ ዞን በቢታ ገነት ከተማ ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን መሬትን አቅዶ መቆፈር ለአገራችን እንግዳ ነገር አለመሆኑን ላስታውስ። ጥንታዊው የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ነፃነቱን እስካጣ ድረስ ድንበሩን ያስከብር የነበረው በጥልቅ ቦይና በእንጨት አጥር፣ በታወቁ ስፍራዎችም ብቻ በሚከፈቱ በሮች ነበር። ያን ያህል ቦይ ያለ ዕቅድ አይቆፈርም፤ በሩ የት እንደሚሆን ሳይወሰን ቦዩ ቢጀመር ኖሮ መውጫና መግቢያው ሁሉ በጠፋ ነበር። በጎንደርም የፋሲል መዋኛ የሚባለውን ገንዳ እናውቃለን። ለጥምቀት በዓል ገንዳው የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ገንዳው ከመገንባቱ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ ታስቦበታል ማለት ነው። በዚያው ስፍራ የዛፎች ሥር የድንጋዩን ግንብ እንደ ጣት ጨብጦ ይታያል። ጎብኚው በዕይታው ይደነቃል፤ ግንበኛው ግን ከሥሩ ትምህርት ይወስዳል፦ ዛፍ ባለበት የሚሠራ ሁሉ ስለ ዛፉ ሥር ማሰብ አለበት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻም ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ባስመጣ ጊዜ፣ ውሃ በቧንቧ ታፍኖ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ መውጣቱ ሰውን ሁሉ አስገርሟል። ዛሬ ያ ግርምት ቀርቷል፤ ቧንቧ በየመንደሩ ገብቷል። ቧንቧው ሲገባ ግን አብሮት ሊገባ የሚገባው ዕውቀት በየግቢው አልገባም።

አሁን ወደ ቢታ ገነት ልመለስ።

ቢታ ገነት ያለችው ዝናብ በማይነፈገው ምድር ላይ ነው። የካፋ ደጋና ወይና ደጋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ሲሆን ዝናቡም ከመጋቢት ገደማ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው። ከየቤቱ ጀርባ እንሰትና ቡና አለ፤ ከዚያም ወዲያ ዛፍ። ይሁን እንጂ ውሃ ከሰማይ በበዛበት አገር የቧንቧ ውሃ ይቋረጣል፤ በበጋ ወራት ደግሞ ጓሮው ይጠማል። ስለዚህም ታላቅ ወንድሜ ከጣራው የሚወርደውን ውሃ የሚያጠራቅም፣ ዓሣም የሚረባበት ኩሬ በጓሮው ለመቆፈር አሰበ። አሳቡ መልካም ነበር።

በስልክ ደወለና «ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በሥራ ተጣድፌ ስለነበር «ባለሙያ ጥራ» ብዬ መለስኩለት። በአካባቢው ሊጠራ የሚችል ባለሙያ መኖር አለመኖሩን እንኳ አልጠየቅኩም።

በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቶቹን በደቦ ጠርቶ ኩሬውን ቆፈረ። የወጣውንም አፈር በግቢው መሐል፣ ለመጣል በቀለለበት ስፍራ ከመረው። በሁለተኛው ዓመት ከመንገዱ ቆጣሪ ወደ ማድ ቤት የውሃ ቧንቧ ለማስገባት ፈለገ። ቀጥተኛውን መስመር የአፈሩ ክምር ስለዘጋው ቧንቧው ዞሮ በመፀዳጃ ቤቱ ጥግ አለፈ፤ ቦዩም አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ውሃውን ከኩሬው የሚስብ ፓምፕ ገዛና የኤሌክትሪክ ገመድ ለመቅበር እንደገና ተቆፈረ። ቧንቧው የት እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ስላልነበረ ድጅኖው ወጋው። የተወጋውን በጎማ ቁራጭ ጠምጥመው፣ በሽቦ አስረው ቀበሩት። ውሃው መጣ፤ ሁሉም ደስ አለው።

ቧንቧ ውሃ በግፊት ሲመጣበት በቀዳዳው ወደ ውጭ ያፈሳል። ውሃው ሲቋረጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዶው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይጠባል። በዚያ ጥግ ያለው እርጥበት ደግሞ የመፀዳጃው ጉድጓድ ሥርገት ነበር። በዚያ ክረምት ሦስቱም ልጆች በተቅማጥ ታመሙ፤ የመጨረሻዋ ሕፃን በጤና ጣቢያ ሁለት ሌሊት አደረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች።

ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ወንድሜ አልተቆጣኝም። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ቡና እየጠጣን እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ባለሙያ ጥራ አልከኝ፤ እኔ እኮ የደወልኩልህ ባለሙያው አንተ መስለኸኝ ነው።»

ክቡራንና ክቡራት፤ ለዚህ ቃል መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶም ቢሆን ያን ጊዜ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው። እያንዳንዳችሁም ከየትውልድ ስፍራችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ በስልክ ሲደርሳችሁ ትጠቀሙበት ዘንድ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፤ ከዶማ በፊት እርሳስ

የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው በወረቀት ላይ ነው። ባለቤቱ የግቢውን ቅርጽ ይሣል፤ ቤቱን፣ ማድ ቤቱን፣ መፀዳጃውን፣ ቆጣሪውን፣ የኤሌክትሪኩን ምሰሶ፣ ትልልቆቹን ዛፎችና ውሃ የሚወርድበትን አቅጣጫ ያመልክት። ሥዕሉ ማማር አያስፈልገውም፤ ልኩ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። ልክ የሚወሰደው ከማይነቃነቅ ነገር፣ ይኸውም ከቤቱ ማዕዘን ነው። «ከባሕር ዛፉ አጠገብ» የሚል ምልክት ዛፉ በተቆረጠ ዕለት ይጠፋል። ከሁለት የቤት ማዕዘኖች የተለካ ነጥብ ግን ቤቱ እስካለ ድረስ ይገኛል።

ቀጥሎም ዛሬ የሚያስፈልገው ብቻ ሳይሆን በአሥር ዓመት ውስጥ ሊያስፈልግ የሚችለው ሁሉ ይዘርዘር። በጓሮ የሚሠራ ተጨማሪ ክፍል አለን? ለፓምፕ መብራት ይገባልን? የአትክልት ማጠጫ ቧንቧስ? የዛሬው ገንዘብ ይህን ሁሉ ላይፈቅድ ይችላል። ነገር ግን ባዶ ቧንቧ፣ ሁለት ጫፉ ተደፍኖና በውስጡ መሳቢያ ገመድ ተትቶ፣ ቦዩ ክፍት ሳለ ሊቀበር ይችላል። የሁለተኛ ቁፋሮን ድካም ሁሉ የሚያስቀር አንድ ባዶ ቧንቧ ነው።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር የሆነ ኩሬ 48 ሜትር ኩብ አፈር ያስወጣል። 30 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ደግሞ 8.4 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ቦዩ የኩሬውን ሥራ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ሰው ተሰብስቦ፣ መሣሪያው ተገኝቶ፣ ምሳው ተዘጋጅቶ ሳለ ይህን መጨመር ቀላል ነው፤ ከዓመት በኋላ ለእርሱ ብቻ ሰው መሰብሰብ ግን ከባድ ነው።

ሁለተኛ፤ የአፈሩ ክምርና የውሃው መውጫ

የተቆፈረ አፈር ከጉድጓዱ ሲወጣ ይነፋል፤ እንደ አፈሩ ዓይነት አንድ አራተኛ ያህል ሊጨምር ይችላል። 48 የነበረው 60 ሜትር ኩብ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ኮረብታ የሚያርፍበት ስፍራ አስቀድሞ ካልተወሰነ በወንድሜ ግቢ እንደሆነው የነገውን መስመር ሁሉ ይዘጋል። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻው ይቀመጥ፤ ለእንሰቱና ለቡናው የሚጠቅመው እርሱ ነውና። የታችኛው ቀይ አፈር ከኩሬው ዝቅ ብሎ ባለው ወገን እየተደለደለ ግድብ ቢሆን መልካም ነው።

ብዙ ሰው ኩሬውን የሚሞላውን እንጂ የሚተርፈውን አያስብም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 80 ሜትር ካሬ የሆነ የቆርቆሮ ጣራ በ1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዓመት 120,000 ሊትር ይቀበላል። ከዚህም አምስት እጅ አንዱ ባክኖ እንኳ 96,000 ሊትር በአሸንዳው ይወርዳል። ከላይ የጠቀስኩት ኩሬ የሚይዘው 48,000 ሊትር ነው። እንግዲህ ከአንድ ጣራ ብቻ ኩሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላል። ስለዚህ የትርፍ ውሃ መውጫ ለኩሬው እንደ መግቢያው ሁሉ የግድ ነው። መውጫውም ወደ ቤቱ መሠረት፣ ወደ መፀዳጃው ጉድጓድ ወይም ወደ ጎረቤት አጥር መሆን የለበትም። ከጎረቤት ጋር የሚያጣላው ውሃ ብዙውን ጊዜ መውጫው ያልታሰበለት ውሃ ነው።

ሦስተኛ፤ የጊዜና የጥልቀት ቅደም ተከተል

በካፋ ምድር የቁፋሮ ወራት ታኅሣሥና ጥር ናቸው። መጋቢት ሲገባ የተከፈተ ቦይ ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ ዕቅዱ በኅዳር ይለቅ፤ ቧንቧውና ገመዱ በእጅ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዶማው ይነሣ። ከመቆፈሩ በፊትም በግቢው ሥር ወይም በአጥሩ ዳር የሕዝብ መስመር አልፎ እንደሆነ ከከተማው ውሃ አገልግሎት፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና ከማዘጋጃ ቤቱ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የድርጅቱ ነው፤ ባለቤቱ በገዛ ሥልጣኑ አይነካውም።

የሚቆፈረውም ከጥልቁ ወደ ጥልቀት አልባው ነው። አስቀድሞ ኩሬው፣ ቀጥሎ ፍሳሹ፣ ከዚያ የመጠጥ ውሃው፣ በመጨረሻም የኤሌክትሪኩ ገመድ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍሳሽ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ቁልቁለቱን ሊለምን አይችልም። ለ110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ቢሰጠው በ15 ሜትር 30 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በግፊት የሚሄደው የመጠጥ ውሃ ግን ለፍሳሹ መንገድ ለመልቀቅ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ገመዱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይታጠፋል። ቁልቁለቱን ለማረጋገጥ የግንበኛው ውሃ ልክ፣ እርሱም ከሌለ ውሃ የተሞላ ረጅም ግልጽ ጎማ ይበቃል።

የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። በአገራችን መሬት ስለማይቀዘቅዝ እንደ ሰሜኑ ዓለም ጥልቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ጠላቱ ውርጭ ሳይሆን ዶማ ነው። ከፍሳሽ ቧንቧ ጎን ለጎን ሲሄድ 3 ሜትር ይራቅ። መሻገር ግድ ሲሆን የመጠጡ ከላይ፣ የፍሳሹ ከታች ሆነው በመካከላቸው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው፤ በመሻገሪያውም ላይ መጋጠሚያ አይኑር። የመፀዳጃ ጉድጓድ ከምንጭ ወይም ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ያውም በቁልቁለቱ ወገን ይሁን፤ ወለሉም ከከርሰ ምድሩ ውሃ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። በዝናባማው ምዕራብ የከርሰ ምድር ውሃ በክረምት ወደ ላይ ስለሚነሣ ይህ ልክ የሚወሰደው በበጋ አይደለም።

ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት ውሃ ተሞልቶበት፣ መጋጠሚያዎቹ እየታዩ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ላብ የሚመስል እርጥበት የታየበት መጋጠሚያ ይፈታና እንደገና ይሠራ። ሲመለስም ቧንቧውን የሚነካው አፈር ድንጋይ የሌለበት ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው በ15 ወይም በ20 ሳንቲ ሜትር ድርብ ድርብ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። በአንድ ጊዜ የተደፋ አፈር በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል።

አራተኛ፤ ሞት የሚገኝበት ስፍራ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ገንዘብና ስለ ድካም ነበር። አሁን የምናገረው ስለ ነፍስ ነው።

የመጀመሪያው አደጋ ራሱ ቦዩ ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ቀይ አፈር ሲቆፈር እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህ መቆሙ ነው ሰውን የሚያታልለው። ከ1.5 ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ጎኑ ዘመም ተደርጎ ይቆፈር ወይም በእንጨት ይደገፍ። የወጣውም አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ማንም ብቻውን አይሥራ፤ ከዝናብ ማግሥትም ጎኖቹ ሳይመረመሩ ማንም አይግባ።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ደረቅ መሬት ላይ ለቆመ ሰው አደገኛ ነው፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሞት ነው። እዚህ ላይ ባለቤቱ በእጁ ሊሠራ የሚገባውንና የማይገባውን መለየት አለብን። ቦዩን ይቆፍር፤ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ያንጥፍ፤ በመሬት ውስጥ ለመቀበር የተሠራውን ገመድ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በመከለያ ቧንቧ ውስጥ ያስተኛ፤ እንደገና አሸዋ ያልብስ፤ በላዩ ጡብ ይደርድር፤ ከፍ ብሎም ቀለሙ የሚታይ የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ይዘርጋ። ይህ ሁሉ የእርሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ገመዱን ከቆጣሪው ሳጥንና ከፓምፑ ጋር ማገናኘት፣ የምድር ሽቦውን መትከልና መለካት ግን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከቦንጋ ይምጣ። ለውሃ ፓምፕ የሚሄድ መስመር ሁሉ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መቁረጫ ይኑረው። የተራው ብሬከር ተግባር ገመዱን ከቃጠሎ መጠበቅ ነው፤ ሰውን አያድንም።

ሦስተኛው ኩሬው ነው። ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ በአማራ፣ በትግራይና በሌሎችም ክልሎች በየቤተ ሰቡ የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ በብዛት እንዲቆፈር መደረጉን ታስታውሳላችሁ። ዓላማው የተቀደሰ ነበር፤ ብዙ ኩሬዎች ግን አልሰነበቱም። ፕላስቲኩ ተቀደደ፣ ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ ውሃው ሠረገ፤ ያልታጠሩት ሕፃናትንና ከብቶችን ወሰዱ፤ በቆላው ደግሞ የወባ ትንኝ መራቢያ ሆኑ። ትምህርቱ ኩሬ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ጉድጓዱን ብቻ ቆጥሮ፣ አጥሩን፣ ክዳኑን፣ መግቢያና መውጫውን ሳይቆጥር የተሠራ ሥራ አልተጠናቀቀም የሚል ነው። አጥሩ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ በሩም በራሱ የሚዘጋ ይሁን። የአጥሩ ዋጋ ከኩሬው ጋር በአንድ ሒሳብ ይገባ፤ «በኋላ አጥረዋለሁ» የሚባለው በኋላ ብዙ ጊዜ ይዘገያልና።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሲሚንቶ መዋኛ ገንዳ በግቢያቸው ለሚያሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ የያዘ ገንዳ በክብደቱ ይቀመጣል። በክረምት፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ በዙሪያው በተነሣ ጊዜ ለማጠብ ብለው ባዶ ያደረጉት ገንዳ ግን እንደ ታንኳ ከሥሩ ይገፋል፤ ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ሲብስም ገንዳው ከነአካሉ ይነሣል። ከወለሉ ሥር የሚዘረጋው የጠጠር ንጣፍና የውሃ መሳቢያ ቧንቧም መሬቱ ክፍት ሳለ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ማንም ሊያስገባው አይችልም።

አምስተኛ፤ የተቀበረውን መመዝገብ

አፈሩ ከመመለሱ በፊት የመጨረሻ ሥራ አለ። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ ቦዩ ከነቧንቧው፣ ሜትሩ በአጠገቡ ተዘርግቶ፣ የቤቱም ማዕዘን እየታየ ፎቶግራፍ ይነሣ። ልኩ በወረቀቱ ንድፍ ላይ ይጻፍ፤ ጥልቀቱና ቀኑም አይዘንጋ። ስልክ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ። ቤቱ በውርስ ወይም በሽያጭ ሲተላለፍ ይህም ወረቀት አብሮ ይተላለፍ። ያልተመዘገበ ቧንቧ ለሚቀጥለው ቆፋሪ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው።

የማኅበራችን ድርሻ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ በደንቡ ውስጥ አለ» ትሉ ይሆናል። ስለ ሕንፃ የውሃና የፍሳሽ ሥራ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታም እ.ኤ.አ. በ1995 የወጡ የኢትዮጵያ የሕንፃ ሥራ ደንቦች አሉን። ነገር ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተጻፉትም ለእኛ ነው። በቢታ ገነት ድጅኖ የያዘው ሰው አያነባቸውም።

ሌሎቻችሁ ደግሞ «ሰው በገዛ እጁ እንዲሠራ ማስተማር ሙያውን ማርከስ፣ አደጋንም ማብዛት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ይህ ስጋት ቀላል አይደለም፤ እኔም ብዙ ዘመን ይዤው ኖሬአለሁ። መልሴ ግን ይህ ነው፦ እኛ ብናስተምርም ባናስተምርም ሰዉ ይቆፍራል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ራሱ በእጅ የሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ ፈቃድ እንደማያስፈልገው ሲደነግግ ይህንኑ የአገር እውነት ተቀብሏል። ምርጫችን በባለሙያ ሥራና በባለቤት ሥራ መካከል አይደለም፤ ምርጫው በታቀደ የባለቤት ሥራና ባልታቀደ የባለቤት ሥራ መካከል ነው። የትኛውን እርሱ፣ የትኛውን ባለሙያ ሊሠራው እንደሚገባ ለይቶ የሚነግር ሙያ አይረክስም፤ ይልቁንም የባለሙያው ተፈላጊነት በትክክለኛው ስፍራ ይታወቃል።

ስለዚህ ሁለት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ማኅበራችን በአንድ ገጽ ላይ የሚያልቅ፣ በሥዕል የተደገፈ የግቢ ቁፋሮ መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅቶ፣ በየአካባቢውም ቋንቋ፣ ለካፋ በካፊ ኖኖ፣ እንዲተረጎም እንዲያደርግ ነው። ጥልቀቶቹ፣ ርቀቶቹና «ይህን አንተ አትንካ» የሚለው ዝርዝር በአንድ ገጽ ይበቃሉ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዳችን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወደ ትውልድ ስፍራችን በሄድን ጊዜ፣ ቢያንስ አንድ የቤት ባለቤት አጠገብ ተቀምጠን ግቢውን በወረቀት እንድንሥልለት ነው። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ሜትር፣ አንድ እርሳስና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

እኔ በወንድሜ ዘንድ ዘግይቼም ቢሆን አድርጌዋለሁ። ባለፈው ጥር መሬቱን እንደገና ከፈትን። የመጠጡን ቧንቧ ከመፀዳጃው አርቀን በሌላ መስመር ወሰድነው፤ ገመዱን አወረድነው፤ ኩሬውን አጠርነው። ደቦው የመጣው ለአራተኛ ጊዜ ነበር፤ ጎረቤቶቹም ይህ የመጨረሻው እንደሆነ አስምለውናል። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ልኩን እየጠራች በወረቀቱ ላይ እንድጽፍ ያደረገችኝ ያቺ ታማ የነበረችው ልጅ ናት። ሥራው ካለቀ በኋላ ወንድሜ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ በሳሎኑ ግድግዳ፣ ከቤተ ሰቡ ፎቶግራፎች ጎን ሰቀለው። እንግዳ ሲመጣም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እርሱም «ከመሬት በታች ያለው ቤቴ ነው» ይላል።